እግዜር የሚያጥብበት ቀን

ወሬው የደረሰኝ ከጀሞ ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ በአንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ጆንያና በመስኮቱ መሀል ተጣብቄ ሳለሁ ነው። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ረዳቱ «ጠጋ በሉ እናቶች፣ ሽንኩርቱም ሒሳብ ከፍሏል!» እያለ ሰዉን ያስቃል። ስልኬ ጮኸ። ጽጌ ናት፤ ጡረታ እስክወጣ በሠራሁበት የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ከእኔ ምድጃ ጎን ዕድሜዋን የፈጀች የልቤ ሰው።

«ማንጤ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ታክሲ ውስጥ ነኝ፤ መቆም ብፈልግስ የት ልቆም?»

«የእማማ ዲንቄን ጨርቅ ሰቅለውታል።»

«የትኛውን?»

«የተበላሸውን ነዋ! ያንን ቢጫውን። ግድግዳ ላይ፣ መብራት ሁሉ አድርገውለት። ከሥሩ ምን ብለው እንደጻፉ ታውቂያለሽ? ‹በነካሪዋ የሸብ መጠን ስህተት የተበላሸ ጨርቅ›። እንግዶቹ ፎቶ ይነሱበታል።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። «ወራጅ አለ!» አልኩ። መውረጃዬ አልነበረም።

«እማማ፣ ዝናብ እኮ ነው» አለኝ ረዳቱ።

«አውቃለሁ» አልኩትና ወረድኩ። ስለ ዝናብ እንኳን እኔን የሚያስተምረኝ የለም።

ማቅለሚያ ቤቱ ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይርቅም። በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ ተሳልሜ፣ «አባቴ፣ አፌን ጠብቅልኝ» ብዬ ለምኜ ወደ ማቅለሚያ ቤቱ ገባሁ። ድሮ ክር የምናስቀምጥበት መጋዘን መስታወት ገብቶለት የእንግዳ አዳራሽ ሆኗል። ጨርቁ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ምን ጊዜም ባየው የማውቀው ጨርቅ ነው፤ በአደይ አበባ ቢጫ ላይ እንደ ከሰል አመድ የተረጨ ግራጫ ነጠብጣብ። አንድ መነጽር ያደረገ አስጎብኚ ለእንግዶች ያብራራል።

«እኚህ እናት ከፉሪ የመጡ ነበሩ። ዝናብ ሲዘንብ ሥራ አይወዱም ነበር ይባላል። ሰማዩ ከጠቆረ ቤታቸው ናቸው!»

እንግዶቹ ሳቁ። እኔ ነጠላዬ እየተንጠባጠበ ከኋላ ቆሜአለሁ። አፌን ጠብቅልኝ ያልኩት ጻድቅ በደንብ ጠበቀልኝ፤ አንድ ቃል አልወጣኝም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ፣ ያልወጣኝን ይኸው በብዕር አወጣዋለሁ።

ሥራ የማይወድ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁና። ከዓባይ ማዶ፣ ከደጀን በላይ ካለ አገሬ ለሥራ ብዬ አዲስ አበባ የገባሁት ገና ፍሬ ሳለሁ ነው። ዘመድ የለኝ፣ የማውቀው ደጅ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ። መጀመሪያ የገባሁት አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የቀለም ክፍል። አለቃችን ሰዓቱን እያየ ሽንት ቤት የሚያስገባና የሚያስወጣ ሰው ነበር። ዱቄቱን ከጣሳ እንቀዳለን፣ በእንፋሎቱ እናስላለን፤ ዝናብ ዘነበ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ለእኛ ሁሉም አንድ ነው። ጥፍሬ እስከ ሥሩ ሰማያዊ ሆኖ ስለቀረ ቅዳሴ ላይ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቅ ነበር። በኋላ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። መካኒሳ በሥራ ሥርና በቅጠል ጨርቅ የሚያቀልም ቤት አለ ሲሉኝ ሄድኩ። ደመወዙ ከፋብሪካው ያንሳል፤ ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃል።

እማማ ዲንቄ የተቀበሉኝ እጄን ገልብጠው በማየት ነው።

«ይኼ ሰማያዊ ምንድን ነው? ሰማይ ቀብረሽ ነው የመጣሽው?»

«የፋብሪካ ቀለም ነው እማማ።»

«አይለቅም?»

«እምቢ አለ።»

«የማይለቅ ቀለም ሥራ የለውም፤ ተቀምጦ ይኑር። እኛ ልሂድ ልሂድ የሚለውን ቀለም እንዲቀመጥ ነው የምንለምነው። ነይ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሲደሰቱብኝ «ኢንታላ ኮ»፣ ሲቆጡኝ «አንቺ ጎጃሜ» ሆንኩ።

የእሳቸው ቤተሰብ ፉሪ ላይ ጤፍና ሽምብራ የሚያርስ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ሳይወረው በፊት። የየትኛው ሥር ቀለም ቢጫ፣ የየትኛው ቅርፊት ቀይ እንደሚሰጥ ከእናታቸው ነው የተማሩት። ለቢጫ መቅመቆ ነበር የምንቀቅለው፤ ያው ቅቤ የሚነጠርበት ሥር፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር። ጨርቁ ግን ቀለም ከመግባቱ በፊት ሸብ ይጠጣል። ሸብ ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያቆራኝ ነጭ፣ ጨው የመሰለ ድንጋይ ነው። ሸብ የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ እንደ አራስ ይተኛል። እማማ ዲንቄ ድስት ፊት ወሬ አይወዱም። እንፋሎቱን ያሸታሉ፣ ውሃውን በምላሳቸው ጫፍ ይነካሉ፣ ከዚያ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ነክረው ድስቱ ጆሮ ላይ ያስራሉ። ያቺ ቁራጭ በጥላ ደርቃ ሳትታይ ዋናው ጨርቅ ድስት አይገባም። ወጣቶቹ እርጥቡን አይተው «እልል! እንዴት ያምራል!» ሲሉ ይቆጣሉ።

«እርጥብ ጨርቅ ውሸታም ነው። ሲደርቅ ይማልልኝ» ይላሉ።

እንግዲህ ወደ ዝናቡ ልምጣ። ክረምት ሙሉ ሥራ እንፈታ ነበር ያለ ሰው ይዋሻል። ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር እንሠራ ነበር። ከማለዳው ሰማዩ ደፍኖ ሲዘንብ ግን ዕረፍት ነው፤ የሚነድ እሳት፣ የሚታጠብ ጨርቅ የለም። እኔ የፋብሪካ ልጅ ነኝና በመጀመሪያው ክረምት ተከራከርኩ።

«እማማ፣ ቀኑ በከንቱ ሄደ እኮ።»

«እግዜር የሚያጥብበት ቀን እኛ አናጥብም።»

«ለምን?»

መልሱን በአፋቸው አልነገሩኝም። ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ አምጥተው በመጋዘኑ ጣራ ጠብታ ሥር ሰቀሉልኝ። ጣራው ያረጀ ቆርቆሮ ነው፤ ዝገቱ ከሩቅ ይታያል። ሌላ ቁራጭ ደግሞ ግቢው መሀል፣ ከሰማይ ብቻ የሚዘንብበት ቦታ፣ ዱላ ላይ አሰሩ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠን መቅመቆ ስንፍቅ ዋልን። የዝናብ ዕረፍት የምንለው ይኼንን ነው፤ ሥሩ ይፋቃል፣ ልጣጩ ይለቀማል፣ ጨርቁ ሸቡን ጠጥቶ ይተኛል፣ የእጃችን ስንጥቅ ይደርቃል። ማታ ላይ ሁለቱን ቁራጮች አስደርቀው ጭኔ ላይ ጣሏቸው። የግቢው ቢጫ ነበር። የጣራው አመድ ሆኗል።

«ብረት ቀለምን ሐዘን ያለብሰዋል» አሉኝ። «ድሮ ሰው ሲሞትብን ነጠላችንን በጥቁር ጭቃ እናጠቁር ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ነው። ሞት ሲመጣ አውቀን እናደርገዋለን። ለሙሽራ ግን እንዳይነካ መጠበቅ ነው።»

ይኼን ነው «ሥራ አይወዱም» የሚሉት!

አሁን ያ ጨርቅ። አንድ ሆቴል ለዘመን መለወጫ የሚሰቅለው ረጃጅም መጋረጃ አዘዘን፤ የአደይ አበባ ቀለም ይሁን አለ። እማማ ዲንቄና እኔ ነከርነው። የናሙናዋ ቁራጭ ድስቱ ጆሮ ላይ ደርቃ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆና ማለች። የቀረው የመጨረሻው ማለቅለቅ ብቻ ነበር። በማግስቱ ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ነው፤ ከማለዳው ዘነበ። ዕረፍት ሆነ። እኔ ቅዳሴ ሄድኩ፣ እማማ ዲንቄ ፉሪ ቤታቸው ዋሉ፣ ጽጌ አራስ ነበረች።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይርዳው ይባላል። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ ሠራተኛ ሲታመም በገዛ መኪናው ሐኪም ቤት ያደርስ ነበር። የሚፈራው ነገር ግን አንድ ነበር፤ ደንበኛ ፊት ማፈር። ሆቴሉ ደወለለት መሰለኝ፣ ተረበሸ። በአካባቢው የሚኖሩ አራት ሠራተኞችን ጠርቶ «መጋረጃውን ዛሬ አልቅልቁት» አላቸው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሄዷል። ከጣራው ጠብታ ሥር የተደረደሩት አሮጌ የብረት በርሜሎች ግን እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ከአራቱ አንዷ፣ እግዜር ይስጣት፣ «የእማማ ዲንቄ ሕግስ?» ብላ ጠይቃለች። እሱ ምን አላት?

«ዛሬ እኮ የሩፋኤል ዝናብ ነው! ከጸበል በላይ ምን ውሃ አማረሽ?»

ይኼን የነገረን በር ላይ ቆሞ ሁሉንም የሰማው ዘበኛው ጋሽ ደበላ ነው። አራቱ ሳቁ፣ አማተቡ፣ በበርሜሉ ውሃ አለቀለቁ። እውነቱን እናውራ፤ የሩፋኤልን ዝናብ ማን ይጠላል? ልጅ ሆነን ልብሳችንን ጥለን ሮጠንበታል፤ እናቶቻችን ዕቃ ደጅ አውጥተው ተቀብለው ሊጡ ላይ ጠብ አድርገዋል። ይኼን ስህተት ጸበል የማያውቅ ሰው አይሠራውም። እኛ ነን የምንሠራው። ግን በረከቱ ከሰማይ ነው፣ ዝገቱ ከቆርቆሮው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ጥፋቱን በመልአኩ ስም መሸፈን እኔ ድፍረት እለዋለሁ።

መጋረጃው እርጥቡን ሲታይ ያምር ነበር አሉ። እርጥብ ጨርቅ ውሸታም ነው። በማግስቱ ዝናቡ አቁሞ እኛ ስንመጣ፣ ጥላ ሥር እየደረቀ ሳለ ግራጫው ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እማማ ዲንቄ የጨርቁን ጫፍ አነሱ፣ አሸተቱ፣ በምላሳቸው ነኩ። ዞር ብለው ሁላችንንም አዩን።

«ይኼን ጨርቅ ማን አለቀሰበት?»

አራቱ እግራቸውን ያያሉ። ጋሽ ደበላ ከበሩ፣ «እማማ፣ ትናንት ከበርሜሉ…» ሲል አቶ ይርዳው፣ «አንተ በርህን ጠብቅ!» ብሎ አቋረጠው።

እማማ ዲንቄ አልጮሁም። ከትራፊው ሁለት ቢጫ ቁራጭ ቀደዱ። ጋሽ ደበላ ለቤቱ ሊወስድ ግቢው መሀል በፕላስቲክ ባልዲ ያጠራቀመው የሩፋኤል ዝናብ ነበር፤ አንዱን ቁራጭ እዚያ ነከሩ። ሌላውን በርሜሉ ውስጥ። ሁላችንም ከበን ቆምን፤ አራቱም፣ እኔም፣ አቶ ይርዳውም። ሲደርቁ የባልዲው ቢጫ፣ የበርሜሉ አመድ።

«ሩፋኤል ነፃ ነው» አሉ እማማ ዲንቄ። «በርሜሉን ጠይቁት።»

አቶ ይርዳው ፊቱ ቀላ። «ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው! ሸቡን አሳንሰሽ ነው!» አላቸው። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚላቸው።

እኔ ዝም አላልኩም። «አቶ ይርዳው፣ ሸቡን አብሬ የለካሁት እኔ ነኝ። ናሙናውም ያውና ድስቱ ጆሮ ላይ ቢጫ ሆኖ ታስሯል፤ ከዚሁ ድስት የወጣ ነው» አልኩት። ሄደ፤ ናሙናዋን ከድስቱ ጆሮ ፈታ፤ ኪሱ ውስጥ ከተታት። በዓይናችን እያየን! ከዚያ ለሆቴሉም ለአለቆቹም «ነካሪዋ ተሳስታ ነው» አለ። እማማ ዲንቄ «እስክንጠራሽ ቤትሽ ዕረፊ» ተባሉ። እስከ ዛሬ አልተጠሩም። ሽርጣቸውን ፈትተው አጥፈው ለእኔ ሰጡኝና፣ «አንቺ ጎጃሜ፣ እሳቱን አደራ» ብለው ወጡ። እኔን ለአፌ ቅጣት ክር ማሸጊያ ክፍል አስገቡኝ። ወደ ድስት የተመለስኩት ያለ እኔ ቢጫው እምቢ ሲላቸው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። አቶ ይርዳው በዚያው ሰሞን በርሜሎቹን በሙሉ አስጭኖ ሸጣቸው። የጣራውን ጠብታም በቱቦ ወደ ውጭ አስወጣው። ጥፋቱ የሸብ ከሆነ በርሜሎቹ ምን በደሉ? ጣራውስ?

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ የዝናብ ዕረፍታችንን ማንም ደፍሮ አልነካውም። ሕጉን ይዘው የሕጉን ባለቤት አባረሩ። ይኼም ሳያንስ ሕጉን ራሱን ስንፍና ብለው ለእንግዳ ያስቁበታል።

እስከዚህ ጽፌ አደርኩ። በነገታው ዝናቡ ሲያባራ ተመልሼ ሄድኩ፤ አዲሷን ኃላፊ አነጋገርኩ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ።

«እማማ፣ እኔ ያገኘሁት እንዲህ ተብሎ ነው። አቶ ይርዳው ሥራ ለቀዋል፣ የት እንዳሉ አናውቅም። የሚመሰክር ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎ ጨርቁ ሲታጠብ ነበሩ?»

አልነበርኩም። ቅዳሴ ነበርኩ። ጋሽ ደበላ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና አርፏል።

«ያጠቡት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ቢነግሩኝ ጽሑፉን በዚያው ቀን አስነሳለሁ» አለችኝ። «በእርስዎ ቃል ብቻ ግን ይቸግረኛል።» ተናደድኩባት፤ ኋላ ሳስበው ግን እውነቷን ነው። አንድ ምስክር ምስክር አይባልም።

ከዚያ ፉሪ ወረድኩ። የእማማ ዲንቄ ቤት በፎቅ ተከቦ ጥርስ መሀል እንደ ገባ ፍሬ ቀርቷል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ሰቀሉኝ በይኛ!»

«ጨርቁን ነው እማማ።»

«ያው ነው። ከፍ አድርገው ነው ዝቅ?»

«ከፍ አድርገው። መብራትም አለው።»

«እንግዲያ ተሹሜያለሁ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እሳቸውም ሳቃቸው ቆመ። እጄን ፈልገው ያዙ፤ ያንን ሰማያዊ ጥፍሬን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል።

«የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ልጆቹን እዚያ ለጉብኝት ይወስዳል አሉ። እውነት ነው?»

«ይወስዳሉ።»

«እሷ ‹አያቴ ቀለም ነካሪ ናት› ብላ ለክፍሉ ሁሉ አውርታለች። እኔ ምንም አይደለም፤ ዓይኔ ስለማያይ አላነበውም። እሷ ግን ማንበብ ትችላለች ኢንታላ ኮ።»

እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ ሌላ ቁጣ የሆነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው፤ በዚያ የሩፋኤል ቀን በርሜሉ አጠገብ ለነበራችሁት አራታችሁ። ስማችሁን አልጽፍም፤ ከእናንተ ጋር አንድ ትሪ በልቻለሁ። ያኔ ልጆች ታሳድጉ ነበር፣ እንጀራችሁ በአቶ ይርዳው እጅ ነበር፤ ለዝምታችሁ ምክንያት ነበራችሁ። ዛሬ እሱ የለም። ልጆቻችሁም አድገዋል። ዛሬ ዝም ካላችሁ ምክንያቱ ምን ይሆናል? በእናንተ ማጠብ እሳቸው ተሰቅለው መስከረም ይጥባ?

የዘንድሮ ጳጉሜን ሦስት ከቅዳሴ በኋላ በማቅለሚያ ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ኃላፊዋን ጠይቄ እንድትጠብቀን ተስማምታለች። ኑ። ረጅም ነገር አትናገሩ፤ «ያጠብነው እኛ ነን፣ ከበርሜሉ ነው» በሏት፣ ይበቃል። ከዚያ አብረን ፉሪ እንወርዳለን፤ ያንኑ ቃል ለእማማ ዲንቄ፣ የልጅ ልጃቸው እየሰማች፣ ትደግሙላቸዋላችሁ። ከማለዳው ቢዘንብ አትቅሩ። የሩፋኤል ዝናብ ነውና ጃንጥላችሁን አጥፉት፤ በላያችሁ ይውረድ። ከቆርቆሮው ጠብታ ሥር ብቻ እንዳትቆሙ።